ወባ ሊለውጠው የማይደፍረው ፕሮቲን

ይህ ጽሑፍ ለሰፊው ታዳሚ ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

ወባ ሲባል ትዝ የሚለን ትንኝ፣ አጎበር፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ነው። ዛሬ ግን ወደ ውስጥ እንገባለን። የምናየው በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ የተሠራበትን ነገር፣ ፕሮቲኖቹን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2023 ብቻ 263 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 597 ሺህ ገደማ ሞተዋል። አብዛኞቹ ሟቾች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። ዋናው ገዳይ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ይባላል። ሴሉ አንድ ብቻ ነው። ሙሉ የዘር መረጃው የተነበበው በ2002 ነው፤ 14 ክሮሞዞም፣ 23 ሚሊዮን ገደማ ፊደል፣ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ጂኖች። ጂን በአብዛኛው የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ነው። ስለዚህ ለመድኃኒትም ለክትባትም ከ5 ሺህ በላይ ዒላማ አለን ማለት ነው።

ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ብዙዎቹ ዒላማዎች አታላይ መሆናቸው ነው። ተሕዋሱ በግልጽ የሚያሳየን ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ እንደልቡ የሚቀያይረው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው፤ የትኛው ፕሮቲን ጎልቶ ይታያል ብላችሁ አትጠይቁ፤ የትኛውን ቢለውጥ ተሕዋሱ ራሱ ይጎዳል ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ፕሮቲን አሠራር በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም። ውሃ የሚሸሹት ክፍሎቹ ወደ ውስጥ፣ ውሃ የሚወዱት ወደ ውጭ እየሆኑ ይጣጠፋል። ተጣጥፎ የሚይዘው ቅርጽ ነው ሥራውን የሚወስነው። ከሰንሰለቱ አንድ አሚኖ አሲድ ቢቀየር ምንም ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ያቺ አንዷ ለውጥ ሁሉን ነገር ትገለብጣለች።

የፋልሲፓረም ፕሮቲኖች ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው። አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ በተከታታይ ይደጋገምባቸዋል። ከአራት ፕሮቲኖች በአንዱ ገደማ ውስጥ ይህ ድግግሞሽ አለ። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ የማጣበቅና የማጓጎል ዝንባሌ አለው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ተሕዋሱ ደግሞ የሚኖረው ትኩሳቱ 40 ዲግሪ በደረሰ ሰው ውስጥ ነው! ታዲያ እንዴት ይተርፋል? ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይጓጎሉ የሚጠብቁ ረዳት ፕሮቲኖች አሉት። ከነሱ አንዱ ኤችኤስፒ 110 ይባላል። ተመራማሪዎች ይህን ረዳት በላብራቶሪ ሲያዳክሙት፣ ተሕዋሱ የትኩሳት ያህል ሙቀት ሲነካው መቋቋም አቅቶት ሞቷል። ትኩሳቱን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ያለ ረዳት ግን ራሱ አይችለውም።

ይኸው ጠባይ ተመራማሪዎችንም ለዓመታት አማርሯል። የፕሮቲን ቅርጽ ለማየት መጀመሪያ በብዛት ማምረት ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ ጂኑን ባክቴሪያ ውስጥ ከትቶ ማሠራት ነው። የፋልሲፓረም ጂኖች ግን ባክቴሪያ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ጊዜ እሺ አይሉም። ወይ ፕሮቲኑ ጨርሶ አይሠራም፣ ወይ በትክክል አይታጠፍም።

አሁን ጉዞውን እንከተል። ትንኟ ስትነክስ በምራቋ የምታስገባው የተሕዋሱ መልክ ስፖሮዞይት ይባላል። ቁጥሩ ብዙ አይደለም። መላ አካሉን የሸፈነው ሲኤስፒ የሚባል ፕሮቲን ነው። መካከሉ ላይ አራት አሚኖ አሲዶች፣ አስፓራጂን፣ አላኒን፣ አስፓራጂን፣ ፕሮሊን፣ በዚሁ ተራ 40 ጊዜ ገደማ ይደጋገማሉ። ይህ ክፍል የጸና ቅርጽ የለውም፤ ይለመጣል። ሰውነታችን ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት በብዛት የሚነጣጠርበት እዚሁ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 እንዲሰጡ የመከራቸው ሁለቱ ክትባቶች፣ አርቲኤስኤስ እና አር 21፣ የተሠሩት ከዚሁ ፕሮቲን ድግግሞሽና ከጭራው ክፍል ነው። የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያተርፋሉ። ግን ፍጹም አይደሉም፤ የአርቲኤስኤስ መከላከያ ከወራት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ከስፖሮዞይቶቹ አንዱ ብቻ አምልጦ ጉበት ከገባ ደግሞ በሺዎች፣ በአስር ሺዎች ይባዛል። ይህ ደረጃ በጣም ጠባብ የግብ ክልል ነው።

ከጉበት የሚወጣው መልክ ሜሮዞይት ይባላል። እኔ በጣም የሚገርመኝ የዚህኛው ሥራ ነው። ሜሮዞይት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ካልገባ ይሞታል። ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሴሉን ይነካል፣ ተገላብጦ ጫፉን ወደ ሴሉ ያዞራል፣ ይያያዛል፣ ይገባል። ለመያያዝ የሚጠቀምባቸው ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ተለዋጭ አላቸው። በአንዱ ብትከለክሉት በሌላው ይገባል።

አንዱ ፕሮቲን ግን ተለዋጭ የለውም። አርኤች 5 ይባላል። በ2011 ከቀይ የደም ሴል ላይ ባሲጂን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። የተሞከሩት የፋልሲፓረም ዝርያዎች ሁሉ ይህን ግንኙነት ይፈልጉታል። ግንኙነቱን ስትከለክሉ መግባቱ ይቆማል። ከዚያ በላይ ደስ የሚለው፣ አርኤች 5 ከቦታ ቦታ ብዙም አለመለያየቱ ነው። ለምን ቢባል የባሲጂንን ቅርጽ መከተል አለበት፤ ከዚያ ከወጣ አይያዝለትም። የሚገርመው ደግሞ ወባ ደጋግሞ የያዛቸው ሰዎች እንኳ በእሱ ላይ ያላቸው ፀረ እንግዳ አካል አነስተኛ መሆኑ ነው። ተሕዋሱ የሚያወጣው በመጨረሻዋ ቅጽበት፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ የመከላከያ ሥርዓታችን በቅጡ ሳያየው ሥራው ያልቃል። በዚህ ፕሮቲን የተሠራ ክትባት በቡርኪና ፋሶ ሕፃናት ላይ ተሞክሯል፤ ሦስተኛው ክትባት ዘግየት ብሎ በተሰጣቸው ላይ ለስድስት ወር ያሳየው መከላከያ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። ደም ውስጥ ገብቶ ባለው ተሕዋስ ላይ ለሚያነጣጥር ክትባት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአርኤች 5 ቀጥሎ የሚሆነውን ስሙ። አብዛኛው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያያዘው በሚገባበት ሴል ላይ ባገኘው ፕሮቲን ነው። ሜሮዞይት ግን ሮን 2 የሚባል የራሱን ፕሮቲን ወደ ቀይ የደም ሴሉ ሽፋን ይተክልና፣ ኤኤምኤ 1 በሚባል ሌላ ፕሮቲኑ መልሶ በእሱው ላይ ይያያዛል። እንግዳ ሆኖ ሄዶ፣ የራሱን ችንካር ባለቤቱ ግድግዳ ላይ መትቶ፣ ካፖርቱን እዚያው ላይ እንደሚሰቅል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ከሽፋኑ ሥር ያለው ሞተር፣ ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን አክቲን የሚባለውን እየሳበ፣ ተሕዋሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ኤኤምኤ 1 ታዲያ ጥሩ ዒላማ አይደለም? ብዙዎች እንደዚያ አስበው ነበር። ሮን 2 የሚገባበት ስርጉድ ቦታ የማይለወጥ ነው። በዙሪያው ያለው ግን ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል። ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ የሚመርጠው ዙሪያውን ነው። ማሊ ውስጥ በተደረገ የክትባት ሙከራ መከላከያው የታየው በዋናነት ክትባቱ የተሠራበትን ዝርያ በሚመስሉ ተሕዋሶች ላይ ነበር። ሌሎቹን አላቆማቸውም። አስፈላጊ ፕሮቲን ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ጎኑ አይለወጥም የሚለውን ማወቅ ግድ ነው።

ስለ ሌላው የወባ ተሕዋስ፣ ስለ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እሱ ቀይ የደም ሴል ላይ የሚይዘው ደፊ የሚባለውን ፕሮቲን ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው በቀይ የደም ሴሉ ላይ ደፊ የለውም፤ በጂኑ መቀስቀሻ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። ስለዚህ ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። ይህ ከ1976 ጀምሮ ይታወቃል። በኋላ ግን በማዳጋስካርና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ ተገኝተዋል። ጠባቡን መንገድ ዘጋን ብላችሁ አትኩራሩ።

አሁን ተሕዋሱ ገብቷል። ቀይ የደም ሴል ለመኖሪያ የሚመረጥ አይመስልም። ኒውክሊየስ የለውም፣ ፕሮቲን አይሠራም፣ ፕሮቲን የሚያጓጉዝበት ነገር የለውም። ተሕዋሱም በራሱ ሽፋን ላይ በሌላ ከረጢት ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ግን ቤቱን ማስተካከል አለበት፤ ምግብ ማስገባት፣ የሴሉን ውጫዊ ገጽ መለወጥ አለበት። ለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ሠርቶ ከራሱ ውጭ፣ ከከረጢቱም ውጭ፣ ወደ ሴሉ ይልካል።

እነዚህ ተላኪ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ አንድ የጋራ ምልክት አላቸው። ፔክሴል ይባላል፤ አምስት አሚኖ አሲድ የሚሸፍን አጭር ቅደም ተከተል ነው። በ2004 ነው የተለየው። ፕላስሜፕሲን 5 የሚባል ኢንዛይም ምልክቱ ላይ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ለጉዞ ዝግጁ ነው። ከረጢቱ ሽፋን ላይ ደግሞ ፒቴክስ የሚባል ማሽን ይጠብቀዋል። የማሽኑ ቅርጽ በ2018 በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቷል። ናሙናው የተወሰደው በቀጥታ ከተሕዋሱ ነው፤ ባክቴሪያ ውስጥ የማምረቱን ጣጣ እንዲህ አለፉት። ከላይ ስድስት አባላት ያሉት ቀለበት አለ፣ ኤችኤስፒ 101። ኃይል እየተጠቀመ የታጠፈውን ፕሮቲን ይፈታዋል። ከታች ሰባት አባላት ያሉት ቀዳዳ አለ፣ ኤክስፒ 2። የተፈታው ሰንሰለት በእሱ ያልፋል። ስድስት በሰባት ላይ! እንዴት ተገጣጠሙ ያሰኛል። ግን ይሠራል። አንድ ክፍሉን ብታሰናክሉ ተሕዋሱ ሴሉ ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል፣ ማደግም ያቆማል። የሚላኩት ፕሮቲኖች በመቶ ቢቆጠሩም፣ የሚያልፉበት ማሽን ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው የምወደው።

ከተላኩት መካከል ዋነኛው ወንጀለኛ ፒኤፍ ኢኤምፒ 1 ነው። የተያዘው ሴል ገጽ ላይ በትናንሽ ጉብታዎች ላይ ይቆማል። ሥራው ሴሉን ከደም ስር ግድግዳ ጋር ማጣበቅ ነው። ለምን? የተያዘ ሴል እየደነደነና ቅርጹ እየተበላሸ ይሄዳል፤ በጣፊያ በኩል ካለፈ ተይዞ ይጠፋል። ስለዚህ በቀጫጭን የደም ስሮች ላይ ተጣብቆ ዝውውሩን ያቆማል። አንጎል ውስጥ ሲሆን ከባዱ የአንጎል ወባ ይመጣል። ማጣበቁ ለተሕዋሱ ማምለጫ ነው፤ ለሕመምተኛው ሞት ሊሆን ይችላል።

ግን ገጽ ላይ የቆመ ፕሮቲን መታየቱ አይቀርም። ፀረ እንግዳ አካል ይመጣበታል። ተሕዋሱ ለዚህም አስቦበታል፤ ለዚህ ፕሮቲን 60 ገደማ ጂኖች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሰውነታችን ያንን ሲያውቅበት ጥቂቶቹ ወደ ሌላ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይበዛሉ። ከዚህም በላይ ከአንዱ ተሕዋስ ወደ ሌላው 60ዎቹ እራሳቸው ይለያያሉ። ይህንን በክትባት መከተል ከንቱ ድካም ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቅርጽ ማየት የጠቀመው። ከከባድ ወባ ጋር የተያያዙት ፒኤፍ ኢኤምፒ 1 ዓይነቶች ኢፒሲአር ከሚባል የደም ስር ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዙ በ2013 ታወቀ። ቀጥሎ የመያያዣውን ክፍል ቅርጽ ሲያዩት አንድ ነገር ገባቸው። ቅደም ተከተሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ቅርጹ ግን ያው ነው፤ ኢፒሲአር ላይ የሚቀረቀረው ውሃ ሸሽ ጎንም ያው ነው። ይህን ከቀየረ አይጣበቅም፤ ካልተጣበቀ ጣፊያ ይበላዋል። በ2024 ደግሞ የተለያዩ ዓይነቶችን በአንድነት የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ለወባ ደጋግመው ከተጋለጡ ጎልማሶች ተገኙ። ፊደሉ ቢለዋወጥም ሥራው ቅርጹን አስሮታል።

ሌላው የዚሁ ቤተሰብ አባል ቫር 2 ሲኤስኤ ይባላል። የሚጣበቀው እንግዴ ልጅ ላይ ባለ ስኳራማ ሞለኪውል ነው። ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምራ ወባን እየተቋቋመች አድጋ በመጀመሪያ እርግዝናዋ እንደገና የምትጠቃው ለዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ እንግዴ ልጅ ስላልነበራት ይህን ፕሮቲን ሰውነቷ አያውቀውም። በተደጋጋሚ እርግዝና ግን መቋቋም ትጀምራለች።

ወደ ምግብ እንሂድ። ተሕዋሱ ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን አብዛኛውን ይበላል። ፕላስሜፕሲንና ፋልሲፔይን የሚባሉ ኢንዛይሞች ይፈጩታል። ሲፈጭ ሄም ይቀራል፤ ሄም ደግሞ ብረት ያለበት ሲሆን ለተሕዋሱ መርዝ ነው። መፍትሔው ሄሙን እርስ በርስ አያይዞ ወደ ጥቁር ቡናማ ክሪስታል መለወጥ ነው። ክሎሮኪን የሚያደርገው ይህን ማስቆም ነው። መፍጫ ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክሪስታሉ እንዳይፈጠር ያግዳል፣ መርዙ ተሕዋሱን ይገድለዋል። ክሎሮኪን ለአሥርት ዓመታት ዓለምን ያገለገለው በዚህ ነው።

ከዚያ ሲአርቲ የሚባለው የመፍጫ ከረጢቱ ሽፋን ፕሮቲን ተለወጠ። 76ኛው ቦታ ላይ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያለው ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነበር፤ ትሪዮኒን በሚባል ሌላ ተተካ። ያ ሙሌት ሲነሳ፣ ክሎሮኪን ራሱ አዎንታዊ ሙሌት ያለው በመሆኑ፣ መውጫ አገኘ። አንዲት አሚኖ አሲድ መድኃኒቱን ባዶ አደረገችው፤ ሌሎች ለውጦችም ቢያግዟት ዋናዋ እሷ ናት። ጂኑ የተለየው በ2000፣ የፕሮቲኑ ቅርጽ የታየው በ2019 ነው።

ግን ለውጥ ዋጋ ያስከፍላል። ሲአርቲ ተፈጥሯዊ ሥራው ከተፈጨው ሄሞግሎቢን የሚወጡትን ቁርጥራጮች ማስተላለፍ ነው፤ ለመድኃኒቱ ሲል የተለወጠው ዋናውን ሥራ ይጎዳል። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪን መጠቀም አቆመች። መድኃኒቱ ሲነሳ የተለወጠው ተሕዋስ ጥቅሙን አጣ፤ ያልተለወጡት ተመልሰው በዙ። በ2006 የወጣው የሙከራ ውጤት ክሎሮኪን እዚያ እንደገና ሁሉንም ማለት ይቻላል እንደፈወሰ አሳየ። ይህ ለእኔ በወባ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስተምር ክስተት ነው። የፕሮቲን ለውጥ ነጻ አይደለም።

አርቴሚሲኒን ዛሬ ዋናው መድኃኒት ነው። ሥራ የሚጀምረው ከሄም ብረት ጋር ሲገናኝ ነው። ኬልች 13 የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ሄሞግሎቢን ወደ ተሕዋሱ በሚገባበት አፍ አካባቢ ይገኛል። ክፍሉ ስድስት ምላጭ ያለው ቅርጽ አለው። ለውጥ ሲገባበት ወጣቱ ተሕዋስ ሄሞግሎቢን ያነሰ ይበላል፤ ሄም ያነሰ ይሆናል፤ መድኃኒቱ በቅጡ አይቀሰቀስም። ተርቦ ይተርፋል ማለት ነው! መድኃኒቱን መቋቋሙ በመጀመሪያ በካምቦዲያ ታወቀ፣ በ2014 ከኬልች 13 ጋር ተያያዘ። አሁን በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በአፍሪካ ቀንድ ሌሎች የኬልች 13 ለውጦች ታይተዋል።

አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ2021 ወዲህ ከፊደል ብቻ ተነስቶ ቅርጽ ይተነብያል፤ ሥራው በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ለወባ ተመራማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን እነዚያን የአስፓራጂን ድግግሞሾች ሲያገኝ የሚያወጣው የተዝረከረከ ክር ነው። ቅርጽ የሌለውን ቅርጽ አለው አይልም፤ ይህ ደግሞ ስህተት አይደለም።

በመጨረሻ የክሊኒክ ምሳሌ ላምጣ፤ በየቀኑ የምንጠቀምበት ነገር ነው። ፈጣን የወባ መመርመሪያ አብዛኛው የሚፈልገው ኤችአርፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። የተመረጠው ፋልሲፓረም በብዛት ስለሚያመርተውና ወደ ደም ስለሚለቀው ነው። አንዲት የደም ጠብታ ትበቃለች። ጥሩ ምርጫ መስሎ ነበር። ግን ተሕዋሱ ያለ እሱ መኖር ይችላል። በፔሩ ጂኑን የጣሉ ተሕዋሶች ተገኙ፤ ከዚያ በኤርትራና በሌሎች የአፍሪካ ቀንድ አካባቢዎች በብዛት ታዩ። ሕመምተኛው በወባ እየነደደ ምርመራው ነፃ ነህ ይለዋል። ሌላም ጣጣ አለ፤ ፕሮቲኑ ከታከመ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ የዳነውን ታሟል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ በጂኑ መጥፋት ምክንያት የሚያመልጡ ሕመምተኞች ከ5 በመቶ ሲያልፉ በኤችአርፒ 2 ብቻ የማይመካ ምርመራ እንዲተካ ይመክራል።

ተተኪው ኤልዲኤች ነው። ተሕዋሱ ስኳር አቃጥሎ ኃይል የሚያገኝበት ኢንዛይም ነው። የሚኖረው በስኳር ስለሆነ እንደ ኤችአርፒ 2 በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተሕዋሱ ሲሞትም ቶሎ ይጠፋል፤ የዳነውን ታሟል አይልም። ድክመቱ መጠኑ ማነሱ ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ጥቂት ሲሆን መስመሩ ደብዝዞ ይታያል፣ ወይም ጨርሶ አይወጣም። አሁን ሥራው ይህን ዝቅተኛ መጠን የሚይዝ መመርመሪያ መሥራት ላይ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከዚህ እንቀጥል።